ጭሱ እንዲነሣልኝ ብዬ የጠራሁት ስም

ስንዱ አለፈች! ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ከአንኮበር ልጆች ሁሉ አንደኛ ወጣች! ትናንት ረፋዱ ላይ መምህር ታፈሰ ከደብረ ብርሃን የመጣውን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በትምህርት ቤታችን ሰንደቅ ሥር ቆመው ሲያነቡ፣ የመጀመሪያው ስም የእርሷ ነበር። እኔ አራተኛ ነኝ። የራሴን ስም ግን በወጉ አልሰማሁትም፤ ለእርሷ ያወጣሁት እልልታ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። የክፍላችን ልጅ ክንዴን ይዛ «አንቺ፣ የራስሽን ስምኮ ጠሩት!» ብላ ስትነቀንቀኝ ነው የነቃሁት።

ከዚያ እየሮጥኩ ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። መምህራችን «አንቺ ልጅ፣ ብዕርሽ አፍ አውጥቷል» ካሉኝ ወዲህ ለመጻፍ የሚያቆመኝ የለም። የደስታ ድርሰት ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ሁለት መስመር ሳልጽፍ ግን ንዴት መጣብኝ። ስንዱ ያን ፈተና ሳትፈተን ከመቅረት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሊያስቀሯት ከነበሩት ሰዎች አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ።

ወርቅነሽ እባላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የቄስ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር የቄስ ልጅ ሰው ባይነሣላትም መንገድ ይለቅላታል። ስንዱ የባለ እጅ ልጅ ናት። አባቷ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያወጣሉ፤ እናቷ ጭቃ ረግጠው ድስትና እንስራ ይሠራሉ። አገሩ በእነርሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነርሱ ድስት ወጡን ይሠራል፤ ዞር ሲሉ «ቡዳ» ይላቸዋል። በዓይናቸው አይተው ሰው ይበላሉ ይባላል። የታመመ ሁሉ የታመመው በእነርሱ ነው፤ የሞተ ሁሉ የሞተው በእነርሱ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ከስንዱ ጋር የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። የያኔው መምህራችን ዞር ዞር ብለው አዩና «ወርቅነሽ፣ አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ፣ ማተብሽ ይጠብቅሻል» ብለው አጠገቧ አስቀመጡኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። እርሷ አልሳቀችም፤ እርሳሷን እየቀረጸች ነበር። እንዲያ ተጀምሮ ግን ጓደኛሞች ሆንን። እኔ ሒሳብ አይገባኝም፤ እርሷ ደግሞ ድርሰት ስትጽፍ እንደ አባቷ ብረት ነው፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትቀጠቅጠዋለች። ተረዳድተን ስምንተኛ ክፍል ደረስን።

ፈተናው ሰኔ ላይ፣ በደብረ ብርሃን፣ ሐሙስና ዓርብ ነበር። ማክሰኞ ከመምህር ታፈሰ ጋር በጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። ሌሎቹ በየዘመዳቸው ቤት ተበተኑ። ስንዱ በደብረ ብርሃን ዘመድ የላትም፤ «ከእኔ ጋር ታርፋለሽ» ብዬ የአባቴ አክስት ልጅ ወደሆኑት ወደ እትዬ በላይነሽ ቤት ይዣት ሄድኩ።

እትዬ በላይነሽ እኔን አገላብጠው ሳሙኝና ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ይህችስ ቆንጆ የማን ልጅ ናት?»

«የሰፈራችን ልጅ ናት» ብዬ ልሸፋፍነው ስል ስንዱ ቀደመችኝ።

«የቀጥቃጩ የአቶ ደምሴ ልጅ ነኝ፣ እትዬ። እናቴ ሸክላ ትሠራለች።»

ሊጨብጧት የተዘረጋው እጅ ወደ ነጠላቸው ተመለሰ። «ይሁን እንግዲህ፤ የእግዜር እንግዳ አይመለስም» አሉ። ራት ሲቀርብ እኔ ከእሳቸው ጋር፣ እርሷ በር አጠገብ ለብቻዋ፣ በተላላጠ የቆርቆሮ ሳህን።

ስንዱ ሳህኗን ልትመልስ ስትነሣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አየሽ ብልሃታቸውን?» አለችኝ በሹክሹክታ። «በሸክላ ቢሰጡኝ የእናቴን እጅ ዐውቄ ዕቃውን ይዤባቸው እንዳልሄድ ነው!»

በሳቅ ልፈነዳ ስል እትዬ በላይነሽ ገላመጡኝና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ያኔ ነው የጀመርኩት።

ረቡዕ ጠዋት ብርድ ብርድ አለኝ። መጀመሪያ የደብረ ብርሃን ውርጭ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ጥርሴ ገጭ ገጭ ይል ጀመር፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ቢደርቡብኝም አልሞቀኝም። ቀጥሎ ደግሞ ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ፤ ጣራው ዞረብኝ። እትዬ በላይነሽ ተርበትብተው ጎረቤታቸውን እማማ ደስታን ጠሩ። እማማ ደስታ በሰፈሩ እንዲህ ላለ ሕመም የተመሰከረላቸው አሮጊት ናቸው። ግንባሬን እንኳ አልዳሰሱም። ራስሽን ነው ሆድሽን ብለው አልጠየቁኝም።

«ትናንት ከማን ጋር ነበረች?» ብቻ አሉ።

እትዬ በላይነሽ ወደ ደጅ ጠቆሙ። ስንዱ በቤቱ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ለነገው ታጠና ነበር።

«አላልኩም?» አሉ እማማ ደስታ። ምንም እንዳላሉ እኔ ምስክር ነኝ።

ፍም በገል ላይ መጣ። ነጭ ሽንኩርት፣ የጤና አዳም ፍሬ፣ የፍየል ቀንድ ፍቅፋቂ ተነሰነሰበት። አፍንጫዬ ሥር አደረጉትና ብርድ ልብስ ከላይ ደፉብኝ። ሁለት ሴቶች ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተናገሪ! ማን በላሽ?»

«ማንም... ማንም አልበላኝም...»

«አፏን ይዛታለች፤ ጨምሩበት!»

ጭሱ ጉሮሮዬን ፋቀው። ሳልኩ፣ አስታወከኝ፣ አየር አጣሁ።

«የባለ እጇ ልጅ አይደለችም? በይ ስሟን ጥሪና እንተውሽ! ጥሪ!»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ «ታማ ነው፣ ምን ታድርግ» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ትኩሳቱ ራሴን ቢያዞረውም የተጠየቅኩትን አውቃለሁ። ምን ብል ብርድ ልብሱ እንደሚነሣም አውቃለሁ።

«ስንዱ» አልኩ። «ስንዱ ናት።»

ብርድ ልብሱ ተገፈፈ። አየር አገኘሁ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚጣፍጥ አየር ስቤ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ የሚያሳፍረኝ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ደብተሯ ሲወድቅ ሰማሁ። የግቢው በር መወርወሪያ ሲገባ ሰማሁ።

«ነይ፣ ግቢና እንትፍ በይባት! ሦስት ጊዜም ተሻገሪያት!» የእማማ ደስታ ድምፅ ነው።

«ምን አድርጌ?» አለች ስንዱ።

«አንቺ ታውቂዋለሽ። ራሷ ስምሽን ጠርታለች።»

ቀጥሎ የጠየቀችው ከጭሱ ይልቅ አንገበገበኝ።

«ወርቅነሽ ናት የጠራችኝ?»

«እርሷ ናት! በይ ትፊና ሂጂ፤ ማን ያዘሽ?»

«ብተፋ "አዎ፣ በልቻታለሁ" ማለቴ አይደለም? ነገ ስትነሣ "በምራቋ ዳነች" ትላላችሁ። ከዚያ ወዲያ የትኛው ትምህርት ቤት ይቀበለኛል? እናቴስ በየትኛው ገበያ ቆማ ትሸጣለች? አልተፋም።»

«እንግዲያው ልጅቷ እስክትድን ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም!»

«የፈተና ቁጥራችንን ዛሬ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ መውሰድ አለብን። ያልወሰደ ነገ አይገባም።»

«ቡዳ ደግሞ ፈተና ምን ያደርግላታል!» አለ አንድ ወንድ። ሳቁ።

ሳቁ! ይኼ ነው እስከ አሁን የሚያቃጥለኝ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች እኔን ሊያድኑ ሥራቸውን ፈትተው የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ አልጋቸውን የሚለቁ፣ ለቅሶ የማይቀሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው አንዲት ልጅ ግቢ ውስጥ ዘግተው የሳቁት።

ስምንት ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቀኝና ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ራሴ ጠራ። እትዬ በላይነሽን ጠራሁ።

«እትዬ፣ ዋሽቻለሁ። ስንዱ ምንም አላደረገችኝም። ጭሱ ሲጠናብኝ ነው ስሟን የጠራሁት።»

እማማ ደስታ ከኋላ ብቅ አሉ። «ሰማችሁ? በአፏ ገብታ ለራሷ ስትከራከር!»

«እማማ፣ እኔ ነኝ የምናገረው!»

«እርሷ ናት የምትለፈልፍብሽ። ፍሙን አምጡ!»

ምን ላድርግ? «ናት» ስል እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ «አይደለችም» ስል የተናገረችው እርሷ ናት። እንዲህ ያለ ሸንጎ የት አገር አለ? ስንዱ ብታለቅስ ቡዳ ስለሆነች ነው፤ ባታለቅስም ቡዳ ስለሆነች ነው። እውነትም ሐሰትም አንድ በር ብቻ ነው ያላቸው፤ በሩን የያዙት ደግሞ እማማ ደስታ ናቸው።

እትዬ በላይነሽ ግን ፍሙን ከለከሉ። «ትንሽ ትረፍ፤ ከንፈሯ ደርቋል» ብለው ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ። ጥሙ ሊገድለኝ ነበር። ጣሳውን ሳየው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አፌን ገጠምኩ።

«ጠጪ እንጂ፣ ልጄ።»

«ስንዱ ካላጠጣችኝ አልጠጣም።»

«ምን?»

«ከእርሷ እጅ ካልሆነ ጠብታ አይገባልኝም። እህልም፣ መድኃኒትም።»

«ይኸው አበደች!» አሉ እማማ ደስታ። «የበላቻትን ትጠራለች!»

ለመኑኝ፤ ራሴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ተቆጡኝ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። በማንኪያ ሊያስገድዱኝ ሲሉ ጥርሴን ነከስኩ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ከእጇ ጠጥቼ ምንም አለመሆኔን ካዩ ይለቋታል ብዬ ነበር። በልቤ የምቆጥረው ሰዓቱን ነበር፤ ዐሥር ሰዓት እየመጣ ነው። በመጨረሻ እትዬ በላይነሽ ማልቀስ ጀመሩ።

«አባቷን ምን ብዬ አያቸዋለሁ? የላኩልኝን ልጅ በውሃ ጥም ገደልኳት ልበል?»

«ብትመርዛትስ?» አሉ እማማ ደስታ።

«መርዙን ከየት አምጥታ? ውሃው የእኔ፣ ጣሳው የእኔ፣ ቤቱ የእኔ! ጥሯት!»

ስንዱ ገባች። ነጠላዋ ትከሻው ላይ ተቀዷል። ጉንጯ ላይ አፈር አለ፤ ዕንባ ግን የለም። ጣሳውን ተቀብላ ጎንበስ አለች። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ አማተበ። ጠጣሁ። ጨርሼ ጠጣሁ።

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ይበቃሻል ወይስ ይጨመር?»

«ስንዱ...»

«ስሜን ለምን እንደጠራሽ በኋላ ትነግሪኛለሽ» አለች፤ ዓይኗን ከጣሳው ሳታነሣ። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ። መምህር ታፈሰ ነበሩ። የሌሎቹ ልጆች ቁጥር ሲወሰድ የእኔና የስንዱ ብቻ ቢሮ ስለቀረ እየጠየቁ መጥተዋል። በር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «ቡዳ ይዘን ነው፣ መምህር» ሲላቸው ሰማሁ።

«ተማሪ ነው የያዛችሁት! ክፈት!»

ሰውዬው እማማ ደስታን አየ። እማማ ደስታ «አይሆንም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና «ዘወር በል፤ ግቢው የእኔ ነው» ብለው መወርወሪያውን በገዛ እጃቸው ሳቡት። ይህንን ስለ እሳቸው ልጽፍላቸው ይገባል። ባይከፍቱት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

በመምህራችንና በስንዱ ተደግፌ ሄድኩ። ጸሐፊው ቁልፍ በእጁ ይዞ ቢሮውን ሊዘጋ ሲል ደረስን፤ ቁጥራችንን ወሰድን። ከዚያ ወደ ክሊኒክ። በሽተኛ የሚያዩት ድሬሰር አቶ ፉፋ የሚባሉ የወለጋ ሰው ናቸው። ዓይኔን ገልጠው አዩ፣ ጎኔን ተጫኑ፣ ብርዱ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቁ።

«በቅርቡ ቆላ ወርደሽ ነበር?»

ወርጄ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአክስቴ ጋር አልዩ አምባ ገበያ ሄጄ ሁለት ቀን አድሬያለሁ።

«ወባ ነው» አሉ። መምህር ታፈሰ የሆነውን ሲነግሯቸው ሳቁና ክኒኑን እየቆጠሩ «የበላችሽስ ትንኝ ናት፤ ሁለት ክንፍ አላት፣ አማርኛም አትችልም» አሉኝ። ቀጥለው ግን ሳቃቸው ጠፋ። «እኔንም አማርኛዬ ይሰባበራል ብለው ከኋላዬ ይስቁብኛል። መርፌ ሲፈልጉ ግን ቤቴ ድረስ ይመጣሉ።»

አልዩ አምባ ያደርነው የአባቴ ወዳጅ አቶ ሰይድ ቤት ነበር። እስላም ናቸው፤ የእነርሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛን እነርሱ አይበሉም። ባለቤታቸው ለእኔና ለአክስቴ አዲስ ድስት አውጥተው ሽሮ ሠሩልን፤ «እናንተም ቅር ሳይላችሁ፣ እኛም ቅር ሳይለን» አሉን። ከዚያ ሁላችንም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እያወጋን በላን። እዚያም ዕቃው ለየብቻ ነበር፤ ግን ለክብራችን ነው የተለየው። የስንዱን የቆርቆሮ ሳህን የለየው ምንድን ነው? ይህንን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳስበው ከወባው የባሰ አንቀጠቀጠኝ።

ሐሙስ ፈተና ገባን። ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ሦስት ልጃገረዶች ከስንዱ አጠገብ አንቀመጥም አሉ። ፈታኙ እነርሱን መቆጣት ሲገባው ስንዱን አስነሥቶ መስታወቱ የተሰበረ መስኮት ሥር አስቀመጣት። የሰኔ ዝናብ ያካፋ ነበር። እጄን አውጥቼ «እኔም እዚያ ልቀመጥ» አልኩ። «ዝም ብለሽ ጻፊ!» ተባልኩ። ስንዱ ወረቀቱን በደረቷ ከልላ፣ ጀርባዋ እየረጠበ ጻፈች። እንዲያ ተቀምጣ ነው እንግዲህ አንደኛ የወጣችው!

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ጭነት መኪናው ላይ፣ ለምን እንደጠራኋት ነገርኳት። «አየር አጥቼ ነው» አልኳት። «እኔ ግን አልተፋሁም» አለች። ጭስ ያልነካት እኔ ብሆን፣ ጭሱም እርሷ ላይ ቢሆን፣ ስሜን የምትጠራ አይመስለኝም።

አንኮበር እንደደረስኩ ለአባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይህን ለእኔ አትንገሪኝ፤ ሄደሽ ለእናቷ ንገሪ» አሉኝ። ሄድኩ። የስንዱ እናት እትዬ ጌጤ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ነበር። እየረገጡ ሰሙኝ፤ ስጨርስ ቀና እንኳ አላሉም። «ጫማሽን አውልቂ» አሉ። «ይህ ጭቃ ሁለት ሰው ይፈልጋል።» እስኪመሽ አብሬያቸው ረገጥኩ።

ለምንድን ነው ታዲያ ይህን ሁሉ የምጽፈው፣ ስንዱ አልፋ የለም እንዴ? እነግራችኋለሁ። ባለፈው ሰሞን እትዬ በላይነሽ ለበዓል መጥተው የሰፈራቸውን ወሬ ነገሩን። እማማ ደስታ ለሰዉ ሁሉ «ልጅቷን ያዳንኳት እኔ ነኝ፤ የበላቻት ራሷ ውሃ ስታጠጣት ነው የለቀቃት» እያሉ ነው አሉ። ሰዉም አምኗል! የአቶ ፉፋን ክኒን የሚያነሣ የለም። ስንዱን ላድንበት ያሰብኩት ያ ጣሳ ውሃ ምስክር ሆኖባት ቀረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላሉ፤ እኔ ግን ዶሮ አይደለሁም። እጅ አለኝ፣ መጻፍ እችላለሁ። የተጠየቅኩት ጭስ ውስጥ ነው፤ የምመልሰው ግን አሁን፣ ጤነኛ ሆኜ ነው፦ ማንም አልበላኝም። ስንዱ የከዳኋት ጓደኛዬ ናት።

እናንተስ? ይህን ስታነቡ «ወይ እማማ ደስታ!» ብላችሁ የሳቃችሁ፣ ነገ ልጃችሁ ቢያተኩሰው ማንን ታስባላችሁ? ባለ እጅ ሰላም ስትል ልጃችሁን ከነጠላችሁ ሥር የምትከቱ እናንተ አይደላችሁም? እኔም ነበርኩ። ለዚህ ነው ፊት ለፊት የምጠይቃችሁ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ጌጤ ጠርተውኝ ነበር። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለስንዱ ማለፍ ድግስ አላቸው። ጠላው ተጠንስሷል። «ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አሉኝ እየሳቁ። «እኔ እጠራለሁ» አልኳቸው። «ጥሪ እንግዲህ፤ አፍሽም እጅሽም ሥራ አልፈታ!»

ስለዚህ ይኸው፣ የአንኮበር ሰዎች፣ ጠርቻችኋለሁ። አባቴ ይመጣሉ፤ ማዕዱን ባርከው አብረው ሊቆርሱ ቃል ገብተዋል። መምህር ታፈሰም ይመጣሉ። ቤቱ የት ነው እንዳትሉኝ። ድስትና እንስራ ስትገዙ የምትሄዱበት ነውና መንገዱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እሑድ ግን አጥር ላይ ቆማችሁ አትጣሩ፤ ግቡ።